አባቴ ዛሬም ዋርድያ ላይ ነው

ጤና ይስጥልኝ።

ዓምዱን ለብዙ ዓመት አንብቤዋለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴና እናቴ የሚኖሩት ቢሾፍቱ ነው። አባቴ የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል ነበር። በ1970 ገና በ18 ዓመቱ ገባ። የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበር። ምጽዋ ኖሯል፣ ዳህላክ ኖሯል፣ አሰብ ኖሯል። በግንቦት 1983 ሁሉም ነገር ሲያበቃ ከአሰብ በመርከብ የመን ገቡ። ሁለት ዓመት እዚያ ተንከራቶ ሲመለስ ባሕሩም፣ መርከቡም፣ ደመወዙም አልነበረም። አንድ ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ገባና እስከ ጡረታው እዚያው ሠራ። አሁን 66 ዓመቱ ነው። በአየር ኃይል ከተማ ብቻውን የቀረ ባሕረኛ እያልን እንቀልድበታለን።

ችግሩ የመጣው ከጡረታው በኋላ ነው። ወይም የባሰው ልበል። በየቀኑ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ኪዳን ያደርሳል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ወደሚጦሩበት ማዕከል ይሄዳል። ገላቸውን ያጥባል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ ያጎርሳል። የማዕከሉን ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑንም እንደዚሁ። በሌሎቹ ቀናት ሆስፒታል ሄዶ የታመመ ይጠይቃል። ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ከሚተክሉት ጎረምሶች መሀል አንድ ሽማግሌ ካያችሁ አባቴ ነው። ከቤት ሲወጣ የሚላት ነገር አንድ ናት፦ "ዋርድያ አለብኝ።"

እኮራበታለሁ። ይህ መጀመሪያ ይታወቅልኝ። ግን ስኳርና ደም ግፊት አለበት። አንድ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኗል። ግራ ጆሮው ድሮ በሞተር ጩኸት ተጎድቶ አይሰማም (መስማት የማይፈልገው ነገር ሲመጣ ግራውን ያዞርልናል)። ነሐሴ ላይ በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ጾሞ፣ ማዕከሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያነሳ ወደቀ። ስኳሩ ወርዶ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ሄደ።

ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ከደመወዜ ቆጥቤ 60 ሺህ ብር ሰጠሁት። ለድሮ የመርከብ ጓደኛው ለኩላሊት እጥበት ሰጠው። የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ልጠይቅ ክሊኒክ ደውዬ ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። "ለሁሉም ሰው አባት ነህ፤ የእኔ ተራ መቼ ነው የሚደርሰው?" አልኩት። ዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ቀን የመጣው ፎቶ ተነስተን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ነበር። አንድ ሰው እያጣጣረ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም ብሎ። ያንንም አነሳሁበት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ልጄ፣ ይሄ ዕድሜ የእኔ አይደለም። ምርቃት ነው" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ አናወራም።

እናቴ አንድ ነገር ነግራኛለች። ምጽዋ ስትያዝ አባቴ ዳህላክ የነበረው ከጓደኛው ጋር ተራ ተቀያይረው ነው። ጓደኛው ምጽዋ ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ለእኔ ግን አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። በ2010 ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው የሚለው ዜና ሲነገር እንኳ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋና ፓምፕ ሊጠግን ሄደ።

ምን ላድርግ? ገንዘብ መስጠቴን ላቁም? ማዕከሉ እንዳያስገቡት ልለምናቸው? ለንስሐ አባቱ ልንገር? ወይስ ዝም ልበል?

የባሕረኛው ልጅ

*

ውድ የባሕረኛው ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት 60 ሺህ ብሩ ላይ አይደለም። ክሊኒክ ደውለሽ ማወቅሽ ላይ ነው። የገዛ አባትን ጉዳይ ከእንግዳ አፍ መስማት ያማል። "ቢነግረኝ እኮ እምቢ አልለውም ነበር፤ ለምን አላመነኝም?" የሚል ነገር ውስጥሽ ያለ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

በተናገርሽው ነገር ራስሽን ብዙ የወቀስሽ ትመስያለሽ። "የእኔ ተራ መቼ ነው" ማለት ስድብ አይደለም። ናፍቆት ነው፤ ቁጣ ለብሶ ወጣ እንጂ። ትንሽ ቅናትም ያለበት ይመስለኛል፤ አትቀየሚኝ። ማዕከሉ ያሉት ሽማግሌዎች በሳምንት ሦስት ቀን የሚያገኙትን እጅ አንቺ በምረቃሽ ቀን አላገኘሽውም። በደግ ሥራ መቅናት ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ለማንም አይነገርም። አባቷ ሰካራም የሆነባት ልጅ አብሯት የሚያዝን ሰው አታጣም። አባቷ ሽማግሌ ሲያጥብ የሚውልባት ልጅ ግን ለማን አቤት ትላለች? "ታድለሽ" ነው የሚሏት። ስለዚህ እዚህ ማውጣትሽ ጥሩ ነው። ልጅ ነሽ። አባትሽን ትፈልጊያቸዋለሽ። በቃ።

አሁን ወደ አባትሽ ልሂድ። እግረ መንገዴን በአንቺ ዕድሜ ላሉ አንባቢዎች ስል ትንሽ ወደኋላ እመለሳለሁ።

አባትሽ የገቡበት ባሕር ኃይል የተቋቋመው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ዋናው ሰፈር ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ። መጀመሪያ ላይ ከኖርዌይ የመጡ መኮንኖች ያሠለጥኑና ያማክሩ ነበር። ትልቋ መርከብ በ1954 ከአሜሪካ የመጣች ናት፤ ስሟም "ኢትዮጵያ" ነበር። አባትሽ በ1970 ሲገቡ ግን የሰላሙ ዘመን አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት ምጽዋ ራሷ ተከባ ነበረች። እንግዲህ የ18 ዓመት ልጅ ሆነው የገቡት በዚህ ውስጥ ነው። 12 ዓመት ቆይተው፣ በየካቲት 1982 መጀመሪያ ላይ፣ ምጽዋ በጥቂት ቀናት ውጊያ ተያዘች። ከ15 ወር በኋላ ደግሞ የተረፉት መርከቦች ከአሰብ ወጥተው፣ ስሙን በቡና ወደምናውቀው ወደ ሞካ ወደብ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። "ኢትዮጵያ" የተባለችው መርከብ ከየመን መመለስ አቅቷት እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሌሎቹ ጅቡቲ ገብተው ቆሙ። የወደቡን ሒሳብ የሚከፍል ጠፋና በ1989 መጀመሪያ ተይዘው ለሐራጅ ቀረቡ። አንቺ ዳዴ ስትዪ መሆኑ ነው። አባትሽ ያን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ መፍቻ ይዘው ይህን በሬዲዮ ሰምተው ይሆን? ሰምተው ከሆነ ማታ ቤት ሲገቡ ምን አሉ? እናትሽን ብትጠይቂያት ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እግረኛ ወታደር ቢያንስ የተዋጋበት ተራራ አለው። ልጁን ይዞ ሄዶ "እዚህ ጋ ነበርኩ" ይላል። አባትሽ የሚያሳዩሽ ነገር የላቸውም። መርከቡ ብረት ሆኗል። ወደቡ የሌላ አገር ነው። መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ፈርሶ ቆይቷል። በ1983 ደግሞ "የደርግ ወታደር" ተብሎ የተበተነ ሰው፣ ያገለገልኩት አገሬን ነው ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ጊዜ አልነበረም። አጎቴ ከእነዚያ አንዱ ነበር። መድፈኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ምን ስትሠራ ኖርክ ሲሉት "ቆሜ" ይል ነበር። ሌላ ነገር አይናገርም። ቀስ በቀስ መጠጥ ወሰደው። እንዲህ የሄዱ ብዙ ናቸው። አባትሽ ያንኑ ዝምታ ይዘው ሰው ወደ ማጠብ ሄዱ። ሁለቱን ሳስተያይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ስለ ዋርድያ ላንሳ። ባሕር ኃይል የነበሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቡና ላይ ጠየቅኋቸው፦ መርከብ ላይ ዋርድያ ስንት ሰዓት ነው? "አራት ሰዓት" አሉኝ ወዲያው። ተረኛው ሲመጣ ያስረክባሉ፣ ሄደው ይተኛሉ። "ተራው አልቆ አልወርድም የሚል ሰው ቢኖርስ?" አልኳቸው። ሳቁ። "ያ ጀግና አይባልም። ይቀጣል። የደከመ ዓይን መርከብ ድንጋይ ላይ ያወጣል" አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ አባትሽን ሳስብ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እኚህ ሰው ዋርድያውን ለማን ነው የሚያስረክቡት? ተራ የተቀየራቸው ሰው አልተመለሰም። ሰው "ይሄ ዕድሜ ምርቃት ነው" ሲል፣ አንቺን ዝም ለማሰኘት ላይሆን ይችላል። ሒሳብ እየሠራ ይሆናል። ገበያ ላይ ምርቃት የሚጨመረው ዋናው ከተለካ በኋላ ነው። የእሳቸው ዋናው የተለካው ምጽዋ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ትዳሩም፣ አንቺም፣ የተጨመረላቸው ነው። አስቢው፤ አንቺ ራስሽ ምርቃት ነሽ። በምረቃሽ ቀን የዘገዩትም፣ ይህችን ዕድሜ ለባለቤቷ ለመመለስ ሲሯሯጡ ሊሆን ይችላል።

ግን እዚህ ላይ ራሴንም አንቺንም ላስጠንቅቅ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስንሰማ የሰውን እምነት ሁሉ በአንድ ቁስል መተርጎም ይቀናናል። "አባቴ የሚጸልየው ጸጸት ስላለበት ነው" ማለት ይመጣል። እሱን ተጠንቀቂ። አባትሽ ምናልባት ጦርነቱ ባይኖርም ኪዳን የሚያደርሱ ሰው ይሆኑ ነበር። "ታምሜ ጠይቃችሁኛል" የሚለውን ቃል ሰምቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አለ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ሐዘኑም አለ፣ እምነቱም አለ። የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪያቸው ናቸው። የአንቺ ጉዳይ ሥጋቸው ነው። ስኳሩ፣ ዓይኑ፣ ወገቡ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ማዕከሉ እንዳያስገባቸው መለመን የሚለውን ከአሁኑ ሰርዥው። እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ትጥቅ ፈትተዋል፤ መርከብና ማዕረግ በአንድ ቀን አጥተዋል። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በልጃቸው እጅ እንዲሆን አትፈልጊም። ለማዕከሉ ሰዎች ግን ሌላ ነገር መናገር ትችያለሽ፤ እሱም አባትሽ እያወቁ። አንደኛ፣ ሰው ማንሳት ለወጣቶቹ ይተውላቸው። ሁለተኛ፣ ስኳር እንዳለባቸው ሁሉም ይወቅ። ላብ ሲያጠምቃቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ወይም ግራ ሲጋቡ ካዩ ሰዓቱ ጾም ነው አይደለም ብለው ሳይከራከሩ ጣፋጭ ነገር እንዲሰጧቸው። ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር። የጾም ከረሜላ ሞልቷል፤ ለዚህ እንኳ ሰበብ የላቸውም።

ሌላው ጄኔሬተሩ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ትልቅ በር የማየው እዚያ ነው። ጄኔሬተሩንም ፓምፑንም የሚያውቀው አንድ የ66 ዓመት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ይህ ለማዕከሉም አደጋ ነው። የሞተር ክፍል ሰው ይህን ካንቺ በላይ ያውቃል። ስለዚህ "አቁም" አትበያቸው። "አባዬ፣ ሁለት ልጆች አሠልጥን" በያቸው። ሥራ መቀነስ አይደለም፤ ለእሳቸው ሹመት ነው። ሐሙስን ለሠልጣኞቹ ካስረከቡ፣ ሐሙስ እናትሽ ጋ ይውላሉ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ በላይ አሁን አትጠይቂ።

እናትሽ ትዝ አሉኝ። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ እሳቸው የሚፈልጉት ነገር አንድም ቦታ የለም። ስለ ምጽዋ የነገሩሽ አለ፤ ስለ ራሳቸው ግን ምንም የለም። ሌሊት 10 ሰዓት ባዶ አልጋ ላይ የሚነቁት እሳቸው ናቸው። ተቀይመዋል? ለምደውታል? ወይስ አብረው መሄድ ፈልገው የጠራቸው የለም? እባክሽ ከአባትሽ በፊት እሳቸውን አነጋግሪ። ምናልባት አንቺ የምትሟገቺላቸው ነገር እሳቸው የማይፈልጉት ሊሆን ይችላል። ሲከሽፍም አይቻለሁ፤ ልጅ ለእናቷ ስትሟገት እናትየው ከአባት ጎን ትቆማለች።

ስለ ንስሐ አባቱ፣ አዎ፣ ይነገር። ግን ከጀርባቸው አይሁን። ከአባትሽ ተደብቀሽ ቄሱ ጋ ከሄድሽ፣ እሳቸው ክሊኒኩን ደብቀው ያደረጉብሽን መልሰሽ ማድረግሽ ነው። አብራችሁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንደ ጤነኛ ጹም ብላ አታስገድድም፤ የሚወስነው ደግሞ አንቺም ሐኪሙም ሳትሆኑ የንስሐ አባታቸው ናቸው። ለአባትሽ ዓይነት ሰው ትዕዛዝ ከአለቃ ሲመጣ ይቀላል። ቀኑን ልንገርሽ፦ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ሁለት ቀጠሮ ይያዝ። አንዱ ሐኪም ጋ ነው፤ የስኳር መድኃኒቱ ከሚበሉበት ሰዓት ጋር መስተካከል አለበት፤ መድኃኒት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው ሰውን የሚጥለው። ሁለተኛው የንስሐ አባታቸው ጋ፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ።

ጥቅስ ጠቅሰሽ ልትሞግቻቸው ካማረሽ አንድ ምክር አለኝ። ስለ ቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ከማያምን ይልቅ የከፋ ነው የምትለዋን አታንሺ። እውነት ናት፤ በእኚህ ሰው ላይ ግን ቢላ ትሆናለች። ይልቅ ኤልያስን አንሺላቸው። ደክሞት ዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ ቀስቅሶ ያለው ጹም ወይም ጸልይ አይደለም። "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ" ነው ያለው። እርግጥ ነው፣ ኤልያስ ያንን በልቶ አርባ ቀን እንደሄደ አባትሽ ያነሱብሻል። ያንሱ። እየሳቃችሁ ከተከራከራችሁ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው። የሰጠሽው ብር አንዴ እጃቸው ከገባ የእሳቸው ነው፤ መልሰሽ አትተሳሰቢው። ለወደፊቱ ግን ለዓይናቸው የሚሆነውን ለክሊኒኩ ራስሽ ክፈዪ። ይህ አለማመን አይደለም። የተራበ ጓደኛ ፊት ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር ይህ ለዓይኔ ነው ብሎ የሚያስቀር ሰው እንዳልሆኑ አውቀሽ፣ ከፈተናው ማዳን ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ገብተው የሚወጡበት ነው፤ ከስኳሩ ጋር ግን አስቀድሞ መታየት አለበትና አይዘግይ። እምቢ ካሉም የምትዪው አለሽ፦ በአንድ ዓይን ጥፍር ሲቆርጡ ሽማግሌውን ያደማሉ።

ዋናው ንግግራችሁ ግን እንዴት ይጀመር? ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አይሆንም። ያ ፍርድ ቤት ነው። እኚህ ሰው እጃቸው ሲሠራ ነው አፋቸው የሚፈታው፤ ዜናው ሲነገር እንኳ የሸሹት ወደ ፓምፑ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የባንክ ልብስሽን አውልቀሽ አብረሻቸው ማዕከሉ ግቢ። ለስለላ አይደለም። መፍቻ አቀብያቸው። የሚያጥቧቸውን ሰዎች ስም ተዋወቂ። አባትሽ ሌላውን ሰው እንዴት እንደሚይዙት በዓይንሽ እዪ፤ ሊያናድድሽ ይችላል፣ ሊያስለቅስሽም ይችላል። ሁለቱም ቢሆን ምንም አይደለም። ስትመለሱ ሆራ ሐይቅ ዳር ሻይ ጠጡ። ውሃ ያለበት ቦታ ይሁን።

እዚያ ስትቀመጡ ከይቅርታው ጀምሪ። "አባዬ፣ የዚያን ቀን ስለጮህኩብህ ይቅርታ። ያልኩት ግን እውነት ነው፤ ትናፍቀኛለህ" ማለት ይበቃል። ለቃናው ይቅርታ ጠይቂ፤ ለናፍቆቱ አትጠይቂ። ከዚያ ዝም በዪ። ሊመልሱ ይችላሉ፣ ላይመልሱም ይችላሉ። ዝምታውን በወሬ አትሙዪው።

ስለዚያ ጓደኛቸው ደግሞ፣ ምን ሆነ ብለሽ አትጠይቂ። ምጽዋ፣ ውጊያ፣ ተራ መቀየር፣ እነዚህን አንቺ አታንሺ። ስሙን ብቻ ጠይቂ። ክርስቲያን ከነበረ ስመ ክርስትናውንም። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ተዝካሩም ሳይወጣ ይቀራል፤ ለቅሶውም መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል። የዚህን ሰው ስም ጠርቶ የጸለየለት ማን እንደሆነ አላውቅም። አባትሽ በየኪዳኑ በልባቸው ይጠሩት ይሆናል። የካቲት መጀመሪያ ሲደርስ ቤታችሁ ትንሽ ዝክር ብታደርጉ፣ በሕይወት ያሉ የድሮ ባሕረኞች ሁለትም ሦስትም ይሁኑ ተጠርተው ቢመጡ፣ እሳቸው እሺ ይሉ እንደሆን ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉ ተዪው። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቃቸው ራሱ አንድ ነገር ነው። ሌሊት እየባነኑ የሚጮሁ ከሆነ፣ ወይም ሰው ሁሉ እየጠሉ ከመጡ ግን ለሐኪሙ ይነገር፤ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎችን የሚያነጋግሩ የአእምሮ ሐኪሞች አሉ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የመጨረሻውም ይህ ነው። ያ ኩላሊቱን የሚታጠበው ሰው። የአንቺ 60 ሺህ ብር እሱ ደም ውስጥ እየዞረ ነው፤ አንቺ ግን አይተሽው አታውቂም። አባትሽን የ20 ዓመት ጎረምሳ ሆነው የሚያውቃቸው ሰው ነው። ምናልባት ያንን የቀረውን ልጅም ያውቀዋል። አባትሽን "ጓደኛህን አብረን እንጠይቀው" በያቸው። ሰው ልጠይቅ ሲሏቸው እምቢ ማለት አይችሉም፤ በራሳቸው ወጥመድ ያዝሻቸው ማለት ነው። አንድ እጥበት አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሙሉ ዋርድያ። ሁለት የድሮ ባሕረኞችና አንቺ፣ አራት ሰዓት፣ መነሳት በማይቻልበት ወንበር ዙሪያ። ብርቱካን ይዘሽ አትሂጂ፤ ለኩላሊት በሽተኛ አይሆንም። ጋዜጣ ያዢ። በአባትሽ ቀኝ በኩል ተቀመጪ።